ሦስት ሽፋን ለዶሎሬስ

ላሊበላ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሔለን፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ እናቴና ወንድሜ ሰሎሞን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤዎንና ሽፋናቸውን እንድሥል የላኩልኝን ሦስቱን መጻሕፍት ባለ ሆቴሉ ፈንታው ከአውሮፕላን እንደወረደ፣ ገና ቤቱ ሳይገባ አምጥቶ ሰጠኝ። ደጋግመው ደውለው እንዳጡኝም ነገረኝ። ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ፈንታው አዲስ አበባ ያሉ ልጆቹን ሊጠይቅ በተመላለሰ ቁጥር ደብዳቤያችንን ሊያደርስልን ቃል ገብቷል።

ለጠየቁኝ፤ አዎ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ከፈንታው ሆቴል የገዙት ሥዕል የኔ ነው። ያስተማረኝ አባቴ ነፍሱን ይማረው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነው። እሱ ለቤተ ክርስቲያን ይሥል ነበር፤ እኔ ለቱሪስት። አሁን ቱሪስት የለም። ሰሎሞንም አስጎብኚ ነበር፤ የሚያስጎበኘው ሰው ካጣ ቆየ። ደብዳቤዎ ባይመጣ ኖሮ ብሩሽ መያዝ ልተው ቆርጬ ነበር።

መጻሕፍቱን ከአማርኛው ትርጉም ጋር እያመሳከርኩ ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። እንዲህ ያለ የወንጀል ታሪክ፣ ያውም በሥዕል ተሠርቶ፣ አይቼ አላውቅም። ዶሎሬስ የማኒላ ልብስ አጣቢ ናት። እንደኛ ባጃጅ ያለ ነገር የሚነዳ ልጇ አንድ ጠዋት ወጥቶ ይቀራል። «ቦዩ» ውስጥ በሰፈሩ ቆሻሻ ውሃ ዳር ትፈልገዋለች፤ «ድልድዩ» ውስጥ የምትጠይቀው ሰው ሁሉ ይዋሻታል፤ «ባሕሩ» ውስጥ እንደ ተገደለ ታውቃለች፣ ሬሳውን ግን አታገኝም። አንብቤ ስጨርስ ሰሎሞንን «ዛሬ የትም አትሂድ» አልኩት። ሳቀብኝ።

ሦስቱ ሽፋኖች ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንድ ሥዕል ይሁኑ ስላሉት እንዲህ አስቤአለሁ። ውሃው አንድ መስመር ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ሽፋን ግራ ጠርዝ ተነሥቶ ከሦስተኛው ቀኝ ጠርዝ ይወጣል። ሴትዮዋም በሦስቱም ላይ ያቺው ናት፤ ከሽፋን ሽፋን ታረጃለች። ቀለሙ ሦስት ብቻ ነው፦ የዝገት ቀይ፣ የጭቃ ጥቁርና የወይባ ቢጫ። እንደሚስማሙበት ተስፋ አድርጌ የመጀመሪያውን ጀምሬዋለሁ።

አክባሪዎ፣
እምነት ወልደ ሩፋኤል


አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ እምነት፣

ሰላም ላንቺና ለቤተሰቦችሽ። «ወይዘሮ» እና «እርስዎ» ይቅርብኝ፤ ገና አርባ አልሞላኝም።

የ«ቦዩ»ን ሽፋን ፈንታው አምጥቶልኝ አየሁት። ውሃው ግሩም ነው። የቆርቆሮ ቤቶቹን ዝገት ሳየው ጣቴን ያቆሸሸኝ መሰለኝ። ፎቶ አንስቼ ማኒላ ላለው ደራሲና ሠዓሊ ለራሞን ላክሁለት። ሽፋኖቹን ሳያጸድቅ ማተም አንችልም፤ ውላችን እንደዚያ ነው። የመለሰልኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፦ «ውሃው የኔ ሰፈር ውሃ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ዶሎሬስ አይደለችም። ይቺ ሴት ሁሉን አውቃ የተጽናናች ናት። ዶሎሬስ ገና ምንም አታውቅም።»

እኔም ልክ ነው እላለሁ። ዓይኖቿ ትልልቅና የረጉ ናቸው፤ የአባትሽ እጅ ያለበት ይመስለኛል። እንዳትቀየሚኝ። ለቅዱሳን የሚሆን ዓይን ለእሷ አይሆንም። ከሰው ፊት ላይ ተነሥተሽ ሥዪያት፤ ከምታውቂው ሰው።

ስለ እናትሽ «ደህና ነን» ከማለት ሌላ የጻፍሽልኝ የለም። እንዴት ናቸው?

ሔለን


ላሊበላ፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሔለን፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። «አንቺ» ለማለት ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ደራሲው ያለው መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፤ ሁለት ቀን ብሩሽ አልነካሁም። ሰሎሞን ነው ያስታረቀኝ። «አንቺ እኮ ፊት የምትሥዪው ከጭንቅላትሽ ነው። ይልቅ እማዬን አስቀምጫት» አለኝ።

ስለ እናቴ ጠይቀውኝ ነበር። ስሟ አመተ ጊዮርጊስ ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ገነተ ማርያም ድረስ በእግሯ መሄድ ትታለች እንጂ ደህና ናት። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ልጅሽ ወጥቶ የቀረ አድርገሽ አስቢ» አልኳት። ተቆጣች። «እንዲህ ያለ ነገር በአፍሽ አታምጪ! ልጄ እነሆ በር ላይ ቆሟል» አለች። ሰሎሞን እውነትም በሩ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። «እሺ፣ መርፌ የጠፋሽ አድርገሽ አስቢ» ስላት ጊዜ ወለሉን እንደምትፈልግ ሆና አየች፤ ያን ይዤ ሠራሁ።

የታደሰውን «ቦዩ» ፈንታው ይዞልዎታል። «ድልድዩ»ንም ጀምሬአለሁ። በእሱ ላይ ፊቷ ትልቅ ይሆናል፤ ሽፋኑን ግማሹን ይይዛል። ከኋላዋ ድልድዩ፣ ከሥሩ ያው ውሃ። ሰው ሁሉ እየተላለፈ ነው፤ የሚያያት የለም።

እምነት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

እምነት፣

ደስ ይበልሽ፤ ራሞን «ቦዩ»ን አጸደቀው። ሁለት ቃል ብቻ ነው የጻፈልኝ፦ «እሷ ናት።»

አሁን የምለምንሽ ነገር አለኝ። ሦስቱንም ቅጽ ማተሚያ ቤቱ ጋ በአንድ ተራ ካላስገባን ተራችን ለሌላ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መስከረም ቦታ የለም። የትርጉም መብቱ ደግሞ የሚያበቃው ነሐሴ ላይ ነው። ካለፈን መጽሐፉ የለም፤ የኔም ሥራ አብሮት ይሄዳል። አሳታሚው ይህን መጽሐፍ የወሰደው በኔ ጉትጎታ ነው።

«ድልድዩ» እስከ መጋቢት 20 እጄ መግባት አለበት፤ ፎቶው ሳይሆን ሥዕሉ ራሱ፣ እዚህ በትልቁ ማሽን ስለሚነሣ። አውሮፕላን ከሌለ በመኪና፣ መኪና ከሌለ በሰው፣ በማንኛውም መንገድ ላኪልኝ። አደራሽን።

ሔለን


ላሊበላ፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሔለን፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የያዘልዎ በድሩ ይባላል፤ እህልና ጨው የሚነግድ ጎረቤታችን ነው። በወልድያ በኩል ነው የሚመጣው፤ ከዘገየ አይፍረዱበት።

«ድልድዩ» አልቋል። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። አውሮፕላኑ ከዐሥር ቀን በፊት ቆመ፤ የወልድያም መንገድ ተዘጋ። እኔ ልጠብቅ አልኩ። ሰሎሞን ግን ደብዳቤዎን አንብቦት ኖሮ «ሴትዮዋ ሥራዬ ይሄዳል እያለችሽ ምን ትጠብቂያለሽ? በኮን አድርጌ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር እገባለሁ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ፤ ለሚሄድ ሰው እሰጥልሻለሁ» አለ። ባሕር ዳር የድሮ ጓደኞች አሉት፤ ሥራም ሊጠያይቅ ይፈልግ ነበር። ሥዕሉን ጠቅልዬ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ከተትኩለትና በሁለቱም ጫፍ በላስቲክ አሰርኩት። በትከሻው አንግቶ መጋቢት 11 ማለዳ በሚኒባስ ወጣ።

በማግሥቱ የወልድያ መንገድ ተከፈተ። አንድ ቀን ቢቆይ ኖሮ ከበድሩ ጋር ይላክ ነበር።

ሲደርስ ደውሎ ያሳውቅዎታል። ያን ጊዜ እባክዎን በአንድ ቃል ይላኩብኝ።

እምነት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

እምነት፣

ሥዕሉ አልደረሰኝም። የደወለልኝም ሰው የለም። በድሩ ደብዳቤሽን ያመጣልኝ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ እሱም ስለ ሥዕሉ የሚያውቀው የለም።

አልቆጣሽም፤ ግን እውነቱን ንገሪኝ። ካላለቀ አላለቀም በይኝ። ማተሚያ ቤቱን በልመና እስከ ሚያዝያ 25 አቆይቼዋለሁ። ከአርቲስቶች ጋር ስሠራ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ «ልኬዋለሁ፣ መንገድ ላይ ነው» የሚል ብዙ ሰምቻለሁ። አንቺም እንደዚያ እንዳትሆኚብኝ። በረራው ስለተከፈተ የሦስተኛውን ንድፍ በፈንታው በኩል ላኪልኝ።

ሔለን


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሔለን፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስላስቸገርኩዎ፣ ቀኑን ስላሳለፍኩብዎ፣ ስለ ሁሉም ይቅርታ።

ሥዕሉ አልቆ ነበር። ሰሎሞን ደህና ነው፤ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ስላስቸገረ ነው የቆየው። «ድልድዩ»ን እንደገና ልሠራው ጀምሬአለሁ፤ ውሃውን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ፊቷ ነው። እናቴ አሁን መቀመጥ አልቻለችም፤ ሥራ በዝቶባታል። የሦስተኛውን ንድፍ ይዤ ስቀመጥ እጄ አይንቀሳቀስም፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ የሚያውቁት ሰው ይኖር ይሆን? ደብረ ታቦርስ? ለሌላ ሰው ነው። ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ቀይ፣ ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።

መልካም የጾም ጊዜ።

እምነት


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

እምነት፣ እህቴ፣

ፈንታው ሁሉንም ነገረኝ። ደብዳቤሽን ቢሮዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ እያነበብኩት ሳለ ግን አልሄደም፣ ቆሞ ያየኛል። «ደህና ነው ብላ ጻፈችልዎ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሚኒባሱ ኮን ሳይደርስ ተኩስ መሐል መግባቱን፣ ሹፌሩና ሦስት ሰዎች ሮጠው ማምለጣቸውን፣ ሰሎሞንን ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው እንደሌለ ነገረኝ። እማማ አመተ ጊዮርጊስ በዚያ ጉልበታቸው በየቀኑ መናኸሪያ ወርደው እስከ ማታ እንደሚቀመጡ፣ ከገሸና የሚመጣውን መኪና ሁሉ አስቁመው መንገደኛውን አንድ በአንድ እንደሚጠይቁም ነገረኝ። አንድ ሹፌር መንገድ ዘጉብኝ ብሎ ጮኾባቸው፣ እሳቸው ይቅርታ ጠይቀው እሱንም «ልጄን አይተሃል?» ብለውታል።

አንቺ ይህን ሁሉ ታቅፈሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ? እኔ ያንን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ! «በማንኛውም መንገድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ከደብዳቤው ላይ እንዴት እንደምፍቀው አላውቅም።

ባሕር ዳር የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። እሷም ጓደኞቿም ሆስፒታሎቹን ሁሉ ዞሩ፤ ደብረ ታቦር ድረስ ሰው ላኩ። በዚያ መልክ የገባ ሰው የለም። የለም ማለት ክፉ ማለት አይደለም፤ እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ አንቺን ግን ማጽናናት አልችልበትም።

ስለ ሽፋኑ አታስቢ። የራሱ ጉዳይ።

ሔለን


ላሊበላ፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሔለን፣

ሰሎሞን አርፏል። መቃብሩንም አይተናል። ላንቺ የምጽፈው ዛሬ ነው፤ እስከ ዛሬ እጄ ቃል አልሰበስብ ብሎኝ ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ በነበረው ሳምንት በድሩ በሩጫ ግቢያችን ገባ። ከኮን መመለሱ ነበር። እማዬን ሲያይ ቆመ፤ ወደ እኔ ዞረና «ነይማ» ብሎ ወደ አጥሩ ጠራኝ። «ኮን ገበያ መሐል አንድ ገበሬ የእናትሽን ሥዕል ይዞ ቆሟል» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም።

እንዲህ ነው የሆነው። ሸዕባን የሚባል ገበሬ ከኮን ወዲህ፣ የገብስ ማሳው ዳር አንድ የሞተ ሰው አገኘ። ኪሱ ባዶ ነው፤ መታወቂያ የለው፣ ስልክ የለው። አጠገቡ ያ የቧንቧ ቁራጭ ወድቋል፤ የበረበሩት ሰዎች የማይረባ መስሏቸው ትተውታል። ሸዕባን አንገቱ ላይ ማዕተብ ሲያይ ክርስቲያን ጎረቤቶቹን ጠራ፣ በቃሬዛ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሱት። የደብሩ ቄስ አባ ገብረ ዮሐንስ ፍትሐት አድርገው ቀበሩት።

ከዚያ ቧንቧውን ሲፈቱት «ድልድዩ» ወጣ። አባ ገብረ ዮሐንስ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስሏቸው ነበር። ሸዕባን ግን አየውና «አባ፣ ይቺ ሴት እናቱ ናት» አለ። «በምን አወቅህ?» ቢሉት «ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ግንባሩ ይሄው ግንባር ነው። ደግሞም ይዩአት፣ ሰው እየፈለገች ነው» አላቸው። ይኸን ብሎ ሥዕሉን በየገበያው ቀን ኮን ይዞት ይወጣ ጀመር። ሰው መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ «ይህችን እናት የሚያውቅ የአላህ ሰው የለም?» ይል ነበር። አምስት ገበያ። በድሩ ያገኘው በአምስተኛው ነው።

ለእማዬ የነገሯት አጎቶቼና ቄሶቹ ናቸው፤ እንደ ደንቡ በማለዳ መጥተው። ገና በሩን ሲያልፉ አወቀች። ስለ ለቅሶው አልጽፍልሽም።

ኮን ሄድን። ሸዕባን ጎንበስ ብሎ እማዬን ሊስም ሲል እሷ ቀድማ ወደቀችና እጁን ያዘች። አልለቅ አለችው። መሬት የለመደ፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። «በዚህ ነው ያነሣኸው?» አለችው። «በዚህ ነው እናቴ። አብሽሪ፣ ቀላል ነበር፤ አላንገላታነውም» አላት። እጁን ግራና ቀኝ እየገለበጠች ሳመችው። ሸዕባን አብሯት አለቀሰ።

መቃብሩ ላይ አባ ገብረ ዮሐንስ እማዬን «ስመ ክርስትናው ማን ነው? ስሙን ስላላወቅን ‹ይህ ባሪያህ› እያልን ነው የፈታነው፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል» አሏት። «ወልደ ሰንበት» አለች። ካህናቱን ጠርተው ፍትሐቱን ከመጀመሪያው በስሙ ደገሙለት። ስሙ በተጠራ ቁጥር እማዬ «አቤት» ትል ነበር፤ እሱን ተክታ።

ሔለን፣ የገደለው ማን እንደሆነ አልነገሩንም፤ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም። እኔ የማውቀው ሥዕሉን ያስያዝኩት እኔ መሆኔን ነው። አንቺ «በማንኛውም መንገድ» ማለትሽን ትቆጥሪያለሽ፤ እኔ አንድ ቀን ቆይ አለማለቴን እቆጥራለሁ። እማዬ ደግሞ «ልጅሽ ወጥቶ የቀረ አድርገሽ አስቢ» ብዬ ስሥላት የተቀመጠችበትን ወንበር አውጥታ ጣለችው።

«ድልድዩ»ን ሸዕባን መልሶ ሰጥቶኛል። ጠርዞቹ ተላልጠዋል፤ ሁለቱም ጎን ላይ የአውራ ጣቱ ምልክት ቀርቷል። እንዳለ ልኬልሻለሁ። አንድም ቦታ አላደስኩትም።

እምነት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

እምነት፣

እግዚአብሔር ነፍሱን በገነት ያኑርልን። እናንተን ያጽናችሁ።

«ድልድዩ»ን ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋው ቢሮው ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። የሸዕባንን ጣቶች ምልክት ማንም እንዳያጠፋ ብያለሁ፤ እንዳለ ይታተማል። ለራሞን ሁሉንም ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ማተሚያ ቤቱ ነገሩን ሲሰማ እስከ ሰኔ መጨረሻ ጠበቀን። አሳታሚው ሦስተኛውን ሽፋን እዚህ ላለ ሠዓሊ እንስጥ ብሏል፤ በቀለሞችሽና በውሃሽ መስመር እንዲጨርሰው። ስምሽ ይጻፋል፤ የሚጎድልብሽ የለም። እኔም እሺ በዪ እላለሁ። ያቺን ሴት አሁን ሥዪያት ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ዕረፊ።

ሔለን


ላሊበላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሔለን፣

እንዴት ነሽ? እኛ አለን። እማዬ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች።

ለሌላ ሰው አትስጪብኝ። ይቺን ሴት ሌላ ሰው ሲጨርሳት ማየት አልችልም። ሥዬዋለሁ፤ አብሮ መጥቶልሻል። ግን ከመጽሐፉ የወጣሁበት ነገር አለ፤ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

«ባሕሩ» የመጨረሻው ገጽ ላይ ዶሎሬስ የባሕሩ ግንብ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አይደል? እኔም ያንኑ ነደፍኩ። ፊቷን ግን መሥራት አቃተኝ። አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ጊዜ ደመሰስኩት። ሁልጊዜ እማዬን ሆና ትመጣለች፤ ኮን መቃብሩ ላይ «አቤት» ስትል።

በአራተኛው ቀን እማዬ ራሷ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ሰሎሞን ከሞተ ወዲህ ሥዕሌን ቀና ብላ አይታ አታውቅም ነበር።

«ይቺ ያቺ ሴትዮ ናት?» አለች።

«አዎ።»

«ልጇን አገኘችው?»

«አላገኘችውም። መሞቱን ሰማች እንጂ ሬሳውን አላገኘችም። ማን እንዳነሣው፣ የት እንደጣሉት አላወቀችም።»

«የቀበረውም ሰው የለም?»

«የለም እማዬ።»

መዳፏን ገልብጣ አየች። የሸዕባንን እጅ ያሰበች መሰለኝ። «እንግዲያማ ፊቷን አትሥሪው» አለችኝ። «እንደዚያ ሆና ሰው እንዲያያት አትፈልግም። ጀርባዋን አዙሪላት።»

አዞርኩላት። ነጠላ አይደለም የለበሰችው፤ ያ የማኒላ ቀሚሷ ነው። ግን ከጀርባ ሲያዩዋት የኛም አገር ሴት ትመስላለች። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ብሩሽ ማጠብ ስጀምር እማዬ አሁንም አልሄደችም።

«ብቻዋን ለምን ተወሻት?» አለች።

«መጽሐፉ ላይ ብቻዋን ናት።»

«መናኸሪያው ላይ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር እንዴ? ሻይ የምትሸጠዋ ልጅ በየቀኑ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ትቀመጥ አልነበር? አንዲት ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እሷ ባትኖር አንድ ቀን ከመኪና ሥር እገባ ነበር፤ አሁን ነው የምነግርሽ። አስቀምጪላት፤ አንድ ሰው አስቀምጪላት።»

ይህን ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ሔለን። ያን ሁሉ ቀን እኔ ቤት ውስጥ ተዘግቼ ውሃ እሥል ነበር።

አስቀመጥኩላት። ሌላ ሴት ናት፤ ከዶሎሬስ ታንሳለች። አልተቃቀፉም፣ አይተያዩም። ሁለቱም ባሕሩን ያያሉ፤ በመሐላቸው አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ አለ። የውሃው መስመር ከሁለቱም ትከሻ ወዲያ አልፎ ከቀኝ ጠርዙ ይወጣል። ሦስቱን ጎን ለጎን ስትደረድሪያቸው መስመሩ አይሰበርም፤ ለክቼዋለሁ።

ደራሲው መጽሐፌን ለወጥሽ እንደሚል አውቃለሁ። መብቱ ነው። ግን ሁለተኛዋን ሴት አጥፊ ካለኝ አላጠፋም። ይልቅ ሽፋኑ ይቅር። ይህን ስጽፍልሽ ሥራሽን እንደማሳጣሽ አውቃለሁ፤ ሁለት ቀን ሳልልከው የያዝኩትም ስለዚያ ነው። ይቅር በዪኝ።

ተዝካሩን ሰኔ 22 እዚሁ እናወጣለን። ሸዕባንም አባ ገብረ ዮሐንስም እንመጣለን ብለዋል፤ መንገዱ ከፈቀደ።

እምነት


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

እምነትዬ፣

ሽፋኑ ደረሰኝ። ወዲያው ፎቶውን ለራሞን ላክሁት፤ እማማ ያሉትንም አንድ ቃል ሳላጎድል ተርጉሜ ጻፍኩለት። አሳታሚው «ብልህ ብትሆኚ ያቺን ሁለተኛ ሴት አስጠፍተሽ ትልኪው ነበር» አለኝ። እኔም «ብልህ የሆንኩ ጊዜ ምን እንዳመጣሁ አይቻለሁ» አልኩት።

አምስት ቀን ጠበቅሁ። ሥራዬን እንደማጣ እርግጠኛ ሆኜ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ባዶ ማድረግ ጀምሬ ነበር። ዛሬ ጠዋት መለሰልኝ። ወደ አማርኛ እንዲህ አመጣሁት፦

«ዶሎሬስ የፈጠርኳት ሴት አይደለችም። የሰፈሬ ሴት ነበረች፤ ስሟን ብቻ ቀየርኩት። ልጇ ከጠፋ በኋላ ባሕሩ ግንብ ላይ በየቀኑ ትቀመጥ ነበር። ወደ ሥራ ስሄድ በአጠገቧ አልፍ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ። አንድም ቀን አልተቀመጥኩም። ጉዳዬ አይደለም ብዬ ሳይሆን፣ ምን እንደምላት ስላላወቅሁ ነው። ብቻዋን የሣልኳት ብቻዋን ስለተውናት ነው። አሁን በሕይወት የለችም። የእምነት እናት አንዲት ቃል መናገር እንደማያስፈልግ ነገሩኝ፤ ዘግይቼ ሰማሁ። ሴትዮዋን አታጥፏት። እዚህ በሚቀጥለው እትም ላይም ይህንኑ ሽፋን ላደርገው እፈልጋለሁ፤ ሠዓሊዋ ከፈቀደች።»

ሦስቱም ዛሬ ከሰዓት ማተሚያ ቤት ገቡ። ሠራተኞቹ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጓቸው አየሁ። አንድ ሽማግሌ የማሽን ሠራተኛ መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ አለና ውሃውን በጣቱ ከግራ ጀምሮ ተከተለው። ሁለቱ ሴቶች ጋ ሲደርስ ጣቱን አነሣ።

ለተዝካሩ እመጣለሁ። ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ ሰኔ 21 በሚነሣው አውሮፕላን ነው፣ ፈንታውም አብሮኝ አለ። አውሮፕላኑ ካልተነሣ በሚቀጥለው፣ እሱም ካልሆነ በሚቀጥለው። ተጣድፌ በሌላ መንገድ አልመጣም፤ ለኔ ብላችሁ አትሥጉ።

እማማ ሲያዩኝ ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም። ልጃቸውን መንገድ ያስወጣው የማን ደብዳቤ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እንደነገርሻቸው ከፈንታው ሰምቻለሁ፣ ደግም አደረግሽ። በሩን ቢዘጉብኝ አልፈርድባቸውም። ካስገቡኝ ግን የምናገረው ነገር እንዳዘጋጀሁ እንዳትነግሪያቸው። ስንት ቀን ሳዘጋጅ ሰንብቼ ዛሬ ሁሉንም ቀደድኩት። ቦታ ካለ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ሔለን